ትልቁ ቱባ ለማን ነው?

የዛሬው የሙዚቃ ትምህርት ዝግጅታችን በኦርኬስትራ መድረክ ላይ ከትሮምቦኖቹ ጎን ተቀምጦ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ስለሚል አንድ ግዙፍ የትንፋሽ መሣሪያ ነው፤ ስለ ቱባ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ አንቶኒን ድቮርዣክ በ1893 የጻፈው፣ "ከአዲሱ ዓለም" በሚል ስያሜ የሚታወቀው 9ኛው ሲምፎኒ ከዳር እስከ ዳር ሲጫወቱት አርባ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቱባ ተጫዋቹ የሚነፋው 14 ኖታ ብቻ ነው፤ እነሱም በዝግታ በሚሄደው ሁለተኛ ክፍል ውስጥ ናቸው። ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ናስ ተሸክሞ መጥቶ 14 ኖታ ነፍቶ መመለስ ለተመልካች ቀልድ ሊመስል ይችላል። ደራሲው ግን ቱባውን የጠራው ለጩኸት አልነበረም። ትሮምቦኖቹና ሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች ያንን የታወቀ የመክፈቻ ዝማሬ በለሆሳስ ሲጀምሩ ከሥራቸው የሚያርፉበት መሠረት ፈልጎ ነው። እኔም ዛሬ የምከራከርለት ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፤ ትልቅ የኮንሰርት ቱባ የሚያስፈልገው ለድምፅ ስፋት እንጂ ለድምፅ ኃይል አይደለም። ይህን ያልተረዳ ገዢ በገንዘቡም በትንፋሹም ይከስራል።

ለመሆኑ "ትልቅ ቱባ" ሲባል ምን ማለት ነው? እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። አንዱ የቱቦው ርዝመት ነው። ተጠቅልሎ የምናየው ናስ ተፈትቶ ቢዘረጋ የኤፍ ቱባ 3.7 ሜትር፣ የኢ ፍላት ቱባ 4 ሜትር፣ የሲ ቱባ 4.9 ሜትር፣ የቢ ፍላት ቱባ ደግሞ 5.5 ሜትር ያህል ይሆናል። ቱቦው በረዘመ ቁጥር መነሻ ድምፁ ይወፍራል። ሌላው የቱቦው ውፍረት ነው፤ ከከንፈር ተነሥቶ እስከ ሰፊው አፉ ድረስ ምን ያህል እየሰፋ እንደሚሄድ። ሠሪዎችና ነጋዴዎች ይህን ውፍረት አራት አራተኛ፣ አምስት አራተኛ፣ ስድስት አራተኛ እያሉ በክፍልፋይ ይጠሩታል። ስድስት አራተኛ የሚባለው ግዙፉ ነው፤ አፉ ብቻውን ከዳር እስከ ዳር ግማሽ ሜትር ያህል ይሰፋል። ክፍልፋዩ ሒሳብ ይመስላል እንጂ ሒሳብ አይደለም። ሁሉም የተስማሙበት መለኪያ የለውም፤ አንዱ ፋብሪካ አምስት አራተኛ የሚለውን ሌላው ስድስት አራተኛ ብሎ ሊሸጠው ይችላል። ስለዚህ በርዝመቱ አጭር፣ በሆዱ ግን ሰፊ የሆነ የሲ ቱባ ከረጅምና ቀጠን ካለ የቢ ፍላት ቱባ ይልቅ ግዙፍ ሆኖ ይታያል። ገዢ ሁለቱን ለይቶ መጠየቅ አለበት፤ በወረቀት ላይ ያለውን ክፍልፋይ ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው የገዛው ስሙን ነው።

ቱባ ሲወለድም ትልቅ አልነበረም። በ1835 በርሊን ውስጥ የፕሩሲያ ወታደራዊ ሙዚቃ መሪው ቪልሄልም ቪፕሬሽትና መሣሪያ ሠሪው ዮሃን ጎትፍሪድ ሞሪትስ የፈጠራ መብት ያወጡለት የመጀመሪያው ቱባ በኤፍ የተቃኘ ባለ አምስት ቫልቭ መሣሪያ ነበር። ከእሱ የሚወፍረውን፣ በሲና በቢ ፍላት የተቃኘውን ኮንትራባስ ቱባ በ1840ዎቹ ከሠሩት ቀዳሚው የቦሄሚያው ቫትስላቭ ቼርቬኒ ነው። ግዙፉ የኦርኬስትራ ቱባ ዛሬ ያለውን ክብር ያገኘው ግን ከዚያ መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ፣ በአሜሪካ ነው። በ1930ዎቹ ሚሺጋን ውስጥ ግራንድ ራፒድስ ከተማ የነበረው የዮርክ ፋብሪካ ሁለት እጅግ ሰፋፊ የሲ ቱባዎችን ሠራ። የተሠሩት ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ይመራው ለነበረው ለፊላደልፊያ ኦርኬስትራ፣ ለቱባ ተጫዋቹ ለፊሊፕ ዶናቴሊ ነው። ዶናቴሊ አንዱን ለተማሪው ለአርኖልድ ጃኮብስ ሸጠለት። ጃኮብስ ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲጫወት የዚያ ቱባ ድምፅ በሸክላ እየተቀረጸ ዓለምን ዞረ። ሁለቱም መሣሪያዎች ዛሬ የቺካጎው ኦርኬስትራ ንብረት ናቸው። በስዊዘርላንድ ሂርስብሩነር፣ በጃፓን ያማሃ የዮርኩን አምሳያ ሠርተው ለገበያ አቅርበዋል። ዛሬ ትልቅ የኮንሰርት ቱባ የሚፈልግ ሰው፣ ስሙን ሰምቶ ባያውቅ እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው የዚህን የዮርክ ቱባ ዘር ነው።

ጃኮብስን ያነሣሁት ለታሪኩ ውበት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው ትልቅ ቱባ ለትልቅ ሰው ነው ብሎ ያምናል፤ ሰውየው ደረተ ሰፊና ሳንባው እንደ ወናፍ ካልሆነ አይችለውም ይባላል። ጃኮብስ ግን አስም የነበረበት፣ የሳንባው አቅም ከብዙ ባልደረቦቹ ያነሰ ሰው ነበር። በ2006 የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ የዋና ቱባ ተጫዋችነቱን ቦታ በውድድር ያሸነፈችው ካሮል ጃንሽም ገና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ወጣት ነበረች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሕግ አይሆኑም፤ ነገር ግን "አካሉ ያላገዘው አይነፋውም" የሚለውን ሕግ ለማፍረስ ይበቃሉ። ምክንያቱ በአየሩ አሠራር ውስጥ ነው። ቱባ ብዙ አየር በትንሽ ግፊት ይፈልጋል፤ ትራምፔትና ኦቦ ግን ጥቂት አየር በከፍተኛ ግፊት። ቱባ የሚፈልገው ትንፋሽ ሻማ ለማጥፋት እፍ የምንለው ዓይነት ሳይሆን የቀዘቀዘ እጅ ለማሞቅ ጉሮሯችንን ከፍተን የምናወጣው ዓይነት ነው። ጡንቻውን አኮማትሮ፣ ፊቱ እስኪቀላ የሚገፋ ጎልማሳ ያንን ሰፊ ቱቦ አያናግረውም፤ ጉሮሮውን ፈትቶ የሚነፋ ቀጭን ልጅ ግን ያናግረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልምድ ያለው ተጫዋች "ቆይ እንጂ፣ ትልቁ ቱባ አየር ይጨርሳል፤ ይህ እኮ የታወቀ ነው" ሊለኝ ይችላል። ተቃውሞው እውነት አለው። ዝቅተኛ ኖታዎች ጮክ ተደርገው ሲነፉ በሰከንድ አንድ ሊትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አየር ይወጣል። ጤነኛ አዋቂ ሰው በአንድ ጥልቅ ትንፋሽ ሊጠቀምበት የሚችለው አየር ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሊትር ገደማ ነው። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ በዚያ ጉልበት የሚያዝ ኖታ ጥቂት ሰከንዶችን አያልፍም። ነገር ግን የአየሩን ፍጆታ በዋናነት የሚወስነው ኖታው ምን ያህል ዝቅተኛና ምን ያህል ጮክ ያለ መሆኑ ነው። ያንኑ ኖታ በዚያው ጉልበት በመካከለኛ ቱባ የሚነፋውም ሰው ያው ችግር አለበት። ደረተ ሰፊውም ደረተ ጠባቡም ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ግዴታቸው ነው፤ ልዩነቱ አንዱ በአምስት ሰከንድ፣ ሌላው በሦስት ሰከንድ መተንፈሱ ነው። ስለዚህ የቱባ ጥበብ ትንፋሽን መቆጠብ ሳይሆን ዜማው ሳይቆረጥ የሚተነፈስበትን ቦታ አስቀድሞ ማወቅ ነው። የቱባ ተማሪ ኖታ ወረቀቱ ላይ የመተንፈሻ ምልክቶቹን በእርሳስ ሳይጽፍ ልምምድ መጀመር የለበትም። ጃኮብስም ሲያስተምር ተማሪዎቹ ስለ ጡንቻ ብዙ እንዳያስቡ ይከለክል ነበር፤ መርሁ ዜማና ንፋስ የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩ። ዜማው በአእምሮ ይዘመራል፣ ንፋሱ ያደርሰዋል፤ ሌላው ይከተላል።

ታዲያ ስፋቱ ኃይል ካልሰጠ ምን ይሰጣል? እያንዳንዱ የቱባ ኖታ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ የሚደራረቡ ቀጫጭን ድምፆች አሉበት። የሰው ጆሮ ወፍራም ድምፅን የሚሰማው በደካማው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚነቃው ከእነዚያ ቀጫጭኖቹ አካባቢ ላለው ድምፅ ነው። ጠበብ ያለ ቱባ ጮክ ብሎ ሲነፋ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይበረታሉ፤ ድምፁ የናስ ስለት ያወጣል። ስለዚህ በቅርብ ለቆመ ሰው ትንሹ ቱባ ከትልቁ ይልቅ የሚጮህ ሆኖ ይሰማዋል። ሰፊው ቱቦ ያንን ስለት ያለዝበዋል፤ መሠረቱ ይጎላል፣ ጠርዙ ይከበባል። የአየሩም ጉዞ ይለያያል። በሰከንድ 58 ጊዜ የሚርገበገበው ዝቅተኛው ቢ ፍላት የሞገዱ ርዝመት ወደ 6 ሜትር ይጠጋል። ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ የሚሰፋ አፍ ይህን የሚያህል ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ሊወረውረው አይችልም፤ በአዳራሹ ሁሉ ይሰራጫል። ቀጫጭኖቹ ግን ቱባው አፉን ወዳዞረበት ወደ ጣሪያው ይሄዳሉ፤ አድማጭ ጋ የሚደርሱት ከጣሪያው ተመልሰው ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለገዢ ትልቅ ቁም ነገር አለው። ጣሪያው ዝቅ ባለ የመለማመጃ ክፍል ወይም በሱቅ ውስጥ የሞከራችሁት ቱባ ስለ አዳራሹ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ከቱባው ኋላ የተቀመጠው ተጫዋችም ለመፍረድ ከሁሉ የከፋ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሚመርጥ ሰው ጆሮውን የሚያምነውን ሌላ ሙዚቀኛ የአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ላይ ማስቀመጥ አለበት፤ ሁለት ቱባዎች ሲያወዳድርም ለአድማጩ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይንገረው።

ከድምፁ ቀጥሎ ቅኝቱ ይመጣል፤ ብዙ ግዙፍ ቱባዎች የሚወድቁትም እዚህ ነው። ነገሩን በሲ ቱባ እናስላው። የቱቦው ርዝመት 4.9 ሜትር ነው ብለናል። የመጀመሪያው ቫልቭ ድምፁን አንድ ሙሉ ቶን ለማውረድ 60 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ይጨምራል፤ ሦስተኛው አንድ ቶን ተኩል ለማውረድ 93 ሴንቲ ሜትር ያህል። ሁለቱ አብረው ሲጫኑ 1.53 ሜትር ይጨመራል ማለት ነው። ነገር ግን ሁለቱ ተደምረው ለሚፈለገው ለሁለት ቶን ተኩል የሚያስፈልገው ርዝመት 1.64 ሜትር ነው። ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ይጎድላል፤ ኖታው ከፍ ብሎ ይወጣል። ሦስቱም ቫልቮች ሲጫኑ ጉድለቱ 21 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አራተኛው ቫልቭ የተጨመረው ይህን ለማከም ነው፤ 1.64 ሜትሩን በአንድ ጊዜ ይሰጣል። በኦርኬስትራ ቱባዎች ላይ አምስተኛ ቫልቭም የተለመደ ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ብሌይክሊ በ1874 የፈጠረው ማካካሻ ደግሞ ቫልቮች ሲጣመሩ የጎደለውን ቱቦ በራሱ ያስገባል፤ የእንግሊዝ ብራስ ባንዶች ቱባዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ከዚህ ውጭ ያለውን እርማት ተጫዋቹ በግራ እጁ ተንሸራታች ቱቦዎቹን እየሳበና እየመለሰ ይሠራዋል። እናም ቱባ ስትሞክሩ ሰፊ ደረቱን ከማድነቃችሁ በፊት ግራ እጃችሁ የመጀመሪያውን ቫልቭ ተንሸራታች ያለ ጭንቅ ይደርስበት እንደሆነ እዩ። ክንዱ የማይደርስ ሰው ያንን መሣሪያ ዕድሜውን ሁሉ በከንፈሩ ሲያስተካክል ይኖራል፤ ከንፈር ደግሞ ይደክማል። የሰው አካል መጠን ለምርጫው ይገባል የምለው በዚህ ብቻ ነው፤ በሳንባ ሳይሆን በክንድ።

ሁለተኛው ጠንካራ ተቃውሞ ከኦርኬስትራዎቹ ልማድ የሚመጣ ነው። ትልቁ ቱባ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ከሆነ ለምን ታላላቅ ኦርኬስትራዎች ይመርጡታል? መልሱ ሁልጊዜ አይመርጡትም የሚል ነው። ለቫግነር "ሪንግ"፣ ለብሩክነር 7ኛ ሲምፎኒ ወይም በ1944 ለተጻፈው የፕሮኮፊየቭ 5ኛ ሲምፎኒ ሰፊው ቱባ ቦታው ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የሙሉ ኦርኬስትራ ወለል መሆን አለበትና። የቤርሊዮዝ "ሲምፎኒ ፋንታስቲክ" ግን በ1830 ሲደመጥ ቱባ ገና አልተፈጠረም ነበር፤ ያንን ክፍል የተጫወተው ኦፊክሌይድ የሚባል ቀጭን መሣሪያ ነው። ሞሪስ ራቬል በ1922 ለኦርኬስትራ ባዘጋጀው የሙሶርግስኪ "የኤግዚቢሽን ሥዕሎች" ውስጥ "ቢድሎ" የሚባለው የበሬ ጋሪ ክፍል ለትንሹ የፈረንሳይ ቱባ የታሰበ ነው፤ በግዙፍ ኮንትራባስ ቱባ ሊነፋው የሚነሣ ሰው ራሱን ይቀጣል፤ ብዙዎቹም ዩፎኒየም ለተባለው አነስተኛ የናስ መሣሪያ ይተዉታል። ቮን ዊልያምስም በ1954 የጻፈው ኮንቼርቶ ለቤዝ ቱባ፣ ማለትም ከኮንትራባሱ ለሚያንሰው ዓይነት ነው። በጀርመንና በኦስትሪያ የኦርኬስትራ ተጫዋች ኤፍ እና ቢ ፍላት፣ በአሜሪካ ሲ እና ኤፍ ሁለት ቱባ የሚይዘው ለዚህ ነው። "ሁለት ቱባ የሚገዛበት ገንዘብ ማን አለው?" ለሚል ሰው መልሴ አጭር ነው፤ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ግዙፉን አይግዛ። መካከለኛ ሲ ወይም ቢ ፍላት፣ አለዚያም ባለ ማካካሻ ኢ ፍላት ከሲምፎኒው እስከ ሶሎው ድረስ በደህና ያደርሰዋል። ተማሪው አድጎ ይለምደዋል ተብሎ ግዙፍ ቱባ መገዛቱንም አልደግፍም። ተማሪው የሚለምደው ቱባውን ሳይሆን ቱባው የሚደብቅለትን ስህተት ነው።

ይህን ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ። ድምፅ 4.9 ሜትር ተጉዞ ከቱባው አፍ ተመልሶ ከንፈር ላይ እስኪደርስ 29 ሺኛ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት ከንፈሩ ከቱቦው ምንም እርዳታ አያገኝም፤ በራሱ ይርገበገባል። ድምፁ ተደላድሎ እስኪቆም ደግሞ ይህ ምልልስ ብዙ ጊዜ መደገም አለበት። ቱባ ዘግይቶ ይገባል እየተባለ ከኦርኬስትራ መሪዎች የሚሰማው ወቀሳ አንዱ ሥሩ ይህ ነው። ወደ ላይኞቹ ኖታዎች ስንወጣ ደግሞ በጣም ሰፊ የሆነ ቱባ ለከንፈር የሚመልሰው ድጋፍ ይደክማል፤ ኖታዎቹ ጥርት ብለው አይለዩም፤ ተጫዋቹ ቦታቸውን በጆሮው ካላወቀ በአንዱ ፈንታ ጎረቤቱ ይወጣል። የሰፊው ቱባ ለስላሳ ድምፅ ለነፊው ለራሱ ያማረ ስለሚመስል ጀማሪው ያልጠራውን አጀማመሩን አይሰማውም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ክፍሉን መጀመሪያ በድምፃችሁ ዘምሩት፤ ከዚያ ከንፈር በሚያርፍበት በማውዝፒሱ ብቻ ንፉት፤ ከዚያ በቱባው። አቀማመጥም ቸል አይባል። ቱባው ወደ አፍ ይመጣል እንጂ አንገት ጎንበስ ብሎ ወደ ቱባው አይሄድም። ጭን ላይ ሲቀመጥ ማውዝፒሱ ከአፍ በላይ ወይም በታች ከዋለ፣ ማቆሚያ ተገዝቶለት ከፍታው ይስተካከል። የታጠፈ ጉሮሮ የሚዘጋውን አየር ምንም ዓይነት ሳንባ አያካክሰውም።

በመጨረሻ ወደ አገራችን ልምጣ። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ያደገው በናስ ባንዶች ውስጥ ነው። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው፣ "አርባ ልጆች" የተባሉት አርመናውያን ወጣቶችና አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእነሱም በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። የናስ ባንድ ካለ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ነገር ግን የባንድ ሥራ ብዙ ጊዜ በአደባባይና በሰልፍ ላይ ነው፤ ጣሪያ የለም፣ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም፣ ተጫዋቹም ይራመዳል። እዚያ ቦታ ከላይ የዘረዘርነው የግዙፉ የኮንሰርት ቱባ ጥቅም ሁሉ ሰማይ ላይ ይቀራል። ለሰልፍ አፉን ወደ ፊት ያዞረውና ትከሻ ላይ የሚጠለቀው ሱዛፎን የሚመረጠው በምክንያት ነው። ስለዚህ ለባንድም ሆነ ለሙዚቃ ትምህርት ቤት ዕቃ ግዢ የምትወስኑ አድማጮች፣ የዋጋ ማቅረቢያውን ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መሣሪያው ውሎው የት ነው፣ ስንት ቫልቭ አለው፣ ከእናንተ ተጫዋቾች መካከል ማን በአዳራሽ ውስጥ ነፍቶ ሌላው ከሩቅ ሰምቶታል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ከሌላችሁ ግዢውን አቆዩት።